አሸዋ የያዘውን መኪና በምን እንጎትት?

በካኩማ የሚኖር ሰው ሁሉ የላጋን ጠባይ ያውቃል። ላጋ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ከርሞ ዝናብ ሲጥል በድንገት የሚሞላውን የአሸዋ ወንዝ ነው፤ ታራች ከነዚህ አንዱ ነው። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም በካምፑ ውስጥና በዙሪያው የሚመላለስ መኪና፣ አምቡላንስም ሆነ የእህል ካሚዮን፣ አሸዋ ሳይረግጥ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። መኪና ሲያዝ ደግሞ ሰው ይሰበሰባል። አንዱ ገመድ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ሰንሰለት ያቀብላል፣ ልጆች ከበው ያያሉ። መረዳዳታችን የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በምን እንደሚጎተት፣ የት እንደሚታሰርና ማን የት መቆም እንዳለበት ሳይታወቅ የሚደረግ እርዳታ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ስለ መጎተቻ መሣሪያዎች ጥቂት ለማስረዳት እንሞክራለን። ጽሑፉ ለሹፌሮችና ለረዳቶች ብቻ አይደለም፤ ልጆቿ ወደ ላጋ የሚሮጡባት እናትም ብታነበው እንወዳለን።

አደጋው ከምን ይመጣል? ክፍል ውስጥ ይህን ስናስረዳ የልጆችን የላስቲክ ወንጭፍ እንጠቅሳለን። ላስቲኩ ሲወጠር የእጃችንን ጉልበት ያጠራቅማል፤ ሲለቀቅ ጉልበቱን በሙሉ ለጠጠሩ ያስረክበዋል። በሁለት መኪናዎች መካከል የተወጠረ ገመድም እንዲሁ ነው። ገመዱ ወይም የታሰረበት ብረት ቢበጠስ የተጠራቀመው ጉልበት ብረቱን እንደ ጠጠር ያስፈነጥረዋል። ጠጠሩ ግን ጥቂት ኪሎ የሚመዝን ብረት ነው፤ የመኪና መስታወት ጥሶ ይገባል። በተጨማሪም የጎታቹ መኪና ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር የእንቅስቃሴ ጉልበቱ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል። «ትንሽ ጠንከር አድርገህ ተንደርደር» የሚለው የተለመደ ምክር ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

በእኛ አስተያየት ከመጎተቻ መሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው አካፋ ነው። የመጎተት ሥራ የሚያውቁ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ። መኪናው እስከ ጎማው ከተቀበረ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ከራሱ ክብደት ጋር ይስተካከላል፤ ከጎማው በላይ ያለውን መከላከያ ካለፈ ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ ከሰጠመ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ይህም ማለት በአካፋ ከጎማው ፊትና ከሻሲው ሥር የወጣው አሸዋ ሁሉ ከገመዱ ላይ የተነሳ ሸክም ነው። ቀጥሎ የጎማ ነፋስ መቀነስ ይመጣል። የላንድክሩዘር ጎማ በ35 ፒኤስአይ የሚሄድ ከሆነ በአሸዋ ላይ ወደ 18 ዝቅ ቢደረግ ጎማው ይዘረጋና አሸዋውን መቁረጡን ትቶ በላዩ ይሄዳል። ጭነት ለያዘ ካሚዮን ግን ይህን ያህል አይቀነስም። ነፋሱ የቀነሰ ጎማ በፍጥነት መንዳትን ወይም መሪን በኃይል መጠምዘዝን አይችልም፤ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። መሬቱ ሲጠነክር መልሶ መሙላት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ፓምፕ የሌለው ሹፌር ነፋስ ከማስተንፈሱ በፊት ያስብበት። ከጎማው ሥር የሚነጠፍ ሳንቃ ወይም የተበሳ ብረት ሲጨመርበት አብዛኛው መኪና ያለ ገመድ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ወደ መጎተት እንሂድ። ገበያ ላይ «የመኪና ገመድ» ተብለው የሚሸጡት አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከናይለን የተሠራው ሰፊ ቀበቶ ሲጎተት ከርዝመቱ ወደ 20 በመቶ ያህል እየተለጠጠ ምቱን ያለሰልሳል። ጎታቹ መኪና በዝግታ ተንደርድሮ እንዲስብ የተሠራው እሱ ብቻ ነው። የፖሊስተሩ ቀበቶ በመልክ ይመሳሰለዋል፤ ነገር ግን እምብዛም አይለጠጥም፤ የተበላሸ መኪናን በደህና መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ለመጎተት እንጂ ለመንደርደር አይሆንም። ሰንሰለትና የብረት ካቦም አይለጠጡም፤ በእነሱ ተንደርድሮ የሚስብ ሰው ወይ ሰንሰለቱን ይበጥሳል ወይ የመኪናውን ብረት ይነቅላል። የቃጫ ገመድ ለፍየልና ለጭነት ይሁን። የካሚዮን ጭነት የሚወጠርበት ቀበቶም ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም።

ናይለን መሆኑ ከታወቀ በኋላ ቁጥሩ ይነበባል። በቀበቶው ላይ በተሰፋው ምልክት የሚጻፈው የሚበጠስበት ክብደት ነው። ይህ ቁጥር ከሁለቱ መኪናዎች የቀለለው ሙሉ ጭነቱን ይዞ ከሚመዝነው ቢያንስ ሁለት እጥፍ፣ ቢበዛ ሦስት እጥፍ ይሁን። ለምሳሌ ከነጭነቱ 3 ቶን ለሚመዝን መኪና ከ6 እስከ 9 ቶን ያለው ይመረጣል፤ በብዛት የሚገኘው የ8 ቶኑ ጥሩ ነው። «ወፍራም ከሆነ ይበልጣል» ብሎ 15 ቶን የሚል መግዛት አይጠቅምም፤ መኪናው ሊለጥጠው ስለማይችል እንደ ሰንሰለት ሆኖ ይመታል። ምልክቱ የጠፋ ወይም የተቀደደ ቀበቶ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል አይገዛ።

ቀበቶውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ሻክል፣ ማለትም በቡሎን የሚዘጋው የፈረስ ኮቴ የመሰለ ብረት ነው። በሻክል ላይ ተቀርጾ የሚገኘው ቁጥር ግን ሌላ ትርጉም አለው። «ደብልዩ ኤል ኤል 4.75 ቶን» የሚል ሻክል በየቀኑ ያለ ስጋት የሚሸከመውን ነው የሚናገረው፤ የሚሰበርበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይርቃል፣ በደህና ፋብሪካ የተሠራ ከሆነ ከ20 ቶን በላይ ነው። ስለዚህ 8 ቶን ከሚለው ቀበቶ ጋር ቢታሰር ደካማው ሻክሉ አይደለም። ቁጥር ያልተቀረጸበት ሻክል ግን ከምን እንደተሠራ አይታወቅምና ለበር ማሰሪያ ይዋል። ቡሎኑ በእጅ እስኪጠብቅ ይዞርና ሩብ ዙር ያህል ይላላል፤ አለበለዚያ ከተጎተተ በኋላ አይፈታም።

ሁለት ቀበቶ መቀጠል ካስፈለገ በመካከላቸው ሻክል ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። አንዱ ቢበጠስ ሻክሉ ጥይት ይሆናል። የአንዱ ጆሮ በሌላው ጆሮ ውስጥ ገብቶ ይያያዛል፤ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የተጠቀለለ ወረቀት በመካከል ይደረጋል። ይህ መጽሔት ተነቦ ካለቀ ለዚህ ቢውል ቅር አንሰኝም።

የት ይታሰር? በጣም አደገኛው ቦታ ከመኪናው ኋላ ተሳቢ የሚያያዝበት ክብ የብረት ኳስ ነው። ለእጅ ቅርብ፣ ለማሰር ምቹ በመሆኑ ብዙዎች ይመርጡታል። ኳሱ ግን የተሠራው ተሳቢን ቀስ ብሎ ለመሳብ ነው፤ በምት ሲጎተት አንገቱ ተቆርጦ ይወነጨፋል። በዚህ ምክንያት በአውስትራሊያ ሰዎች ሞተዋል። ከመኪናው ሥር የሚታዩት ቀለበቶችም ብዙ ጊዜ መኪናው በመርከብ ሲጫን የሚታሰርባቸው እንጂ መጎተቻ አይደሉም። የመሪ ዘንግ፣ ባሌስትራና የፊት መከላከያም እንዲሁ። ትክክለኛው ቦታ በሻሲው ላይ በወፍራም ቡሎኖች የታሰረ፣ ለመጎተት ተብሎ የተሠራ መንጠቆ ወይም ዓይን ነው። እሱ ከሌለ ወደ አካፋው መመለስ ይሻላል።

ስለ ክሪክ አጭር ነገር እንበል። ረጅሙ ክሪክ በአሸዋ ላይ ያለ ሰፊ ሳንቃ አይቆምም፤ እጀታውም ሲያመልጥ መንጋጋ ይሰብራል። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ዊንች ያለው መኪና ካቦውን ሲወጥር መካከሉ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም አሸዋ የያዘ ጆንያ ይጣልበት፤ ቢበጠስ ወደ መሬት ይጎትተዋል። ቀበቶም ሲሆን እንዲሁ ይደረጋል። ክሩ የተበታተነ ካቦ በባዶ እጅ አይነካም። ከገመዱ አንድ ተኩል እጥፍ በሚያህል ርቀት ውስጥ ከሁለቱ ሹፌሮች በቀር ሰው አይቁም፤ ርቀት ቢኖርም በገመዱ አቅጣጫ ፊትና ኋላ አይቆምም፣ ወደ ጎን ይወጣል። የተወጠረ ገመድ አይሻገሩትም። እየተጎተተ ያለውን መኪና ከኋላ መግፋትም ይቅር። ልጆችን ማራቅ የማንም ሥራ ስላልሆነ የሁሉም ሳይሆን ይቀራል፤ እኛ የምንለው ገመዱ ከመታሰሩ በፊት አንድ ሰው በስሙ ተጠርቶ ለዚህ ብቻ ይመደብ ነው። የቱርካና ልጆችም ስለሚኖሩ ትንሽ ስዋሂሊ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል። ምልክት የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ አሥር ሰው «ሳብ!» ሲል ሹፌሩ የማንን ይሰማል?

መኪናው የተያዘው ላጋ ውስጥ ከሆነና በላይኛው አገር ደመና ከታየ ግን ይህ ሁሉ ይቆየን። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ከሩቅ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ሕመምተኛና ተሳፋሪ ወርዶ ወደ ዳር ይውጣ፤ ውሃው ከመጣ መኪናው ይቅር።

ቀበቶው ከሥራ በኋላ በውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፤ በውስጡ የገባው አሸዋ በተጎተተ ቁጥር ክሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ፀሐይ ናይለንን ስለሚያደክም በጥላ ይድረቅ፤ እርጥብ እያለ ጥንካሬው እንደሚቀንስም አይዘንጋ። ጫፉ የተቆረጠ፣ ስፌቱ የላላ ወይም ክሩ የተቃጠለ ቀበቶ አይጠገንም። ሲጣልም ሙሉውን አይጣል፤ ሌላ ሰው አንስቶ ሊጎትትበት ይችላልና በቢላ አጫጭር አድርጎ መቁረጥ ነው። ቁራጩ ጀሪካን በጋሪ ላይ ለማሰር ይበቃል።