ከእመቤታችን እግር ሥር ያሉት እቴጌ

በጣና ሐይቅ፣ ደቅ ደሴት ላይ በሚገኘው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተስላለች። ብዙው ጎብኚ ቀና ብሎ እሷን ያይና ያልፋል። እስቲ ዝቅ ብላችሁ እዩ፤ ከእግሯ ሥር የተደፉት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ መንግሥት ስዕሎቻችን ውስጥ ይህን ያህል የምወደው የለም።

እቴጌይቱ የቋራ ሰው፣ የአፄ በካፋ ባለቤት ናቸው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር እሳቸውም ዘውድ ደፍተው አብረው ነገሡ።

መደፋታቸውን እንደ ውርደት የሚያይ ሰው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ አብሮኝ የገባ ወጣት «ንግሥት ሆነው ሳለ እንዴት መሬት ላይ ይስሏቸዋል?» ብሎኛል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እኮ ራሳቸው ናቸው! በእኛ የአሳሳል ወግ ያ ቦታ የሚሰጠው ለአሠሪው ነው። ሌላው ምእመን ቆሞ ጸልዮ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሳቸው ግን ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር እዚያው ሆነው ይማጸናሉ። ከዚህ የበለጠ ክብር ምን አለ?

ደግሞ የለበሱትን ተመልከቱ። የዘመኑ ሠዓሊ ፊትን የሚስለው በወጉ መሠረት ነው፤ ማን መሆናቸውን የምናውቀው ከቦታውና ከልብሳቸው ነው። ቀደም ባለው የጎንደር አሳሳል የልብስ እጥፋት ጎን ለጎን በተሰመሩ መስመሮች ብቻ ይታይ ነበር። በምንትዋብ ዘመን ግን ሠዓሊው ከሕንድና ከአረብ አገር በምጽዋ በኩል ጎንደር የሚገባውን ሐርና ግምጃ በዓይኑ አይቷል፤ ጥለቱን አንድ በአንድ እየተከተለ ይስለዋል። ፊት ላይ ጥላ መጣል የተለመደውም፣ መደቡ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ እንዲለወጥ የተደረገውም ያኔ ነው። ቤተ መንግሥቱ ምን ይለብስ እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው እነዚህን ግድግዳዎች ሳያይ ባይጽፍ ይሻላል።

ስዕሉ የተሠራው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እርጥበት ሲያገኘው ይላቀቃል፤ ሲነካካም ቀለሙ ይረግፋል። በሸምበቆ ጫፍ እየነካ የሚያስረዳ አስጎብኚ አይቼ ተቆጥቻለሁ፤ ፎቶ ለመነሳት ግድግዳውን የሚደገፍ ጎብኚም አላጣሁም።

ከባሕር ዳር በጀልባ ትደርሳላችሁ። አጠገቡ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴት አይፈቀድም፤ ናርጋ ግን ሴቶችም ይገባሉ። ስትገቡ የካሜራችሁን ፍላሽ አጥፉ፣ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ከታች ላሉት እቴጌም ጊዜ ስጧቸው።