ተጨማሪ መረጃ፦ ከድንኳን የተወለደችው ደሴ

«ከተማ» ሲባል ዛሬ አስፋልትና ፎቅ ይታየናል። ድሮ ግን ከተማ ማለት ንጉሡ ወይም መስፍኑ ከነሠራዊቱ ያረፈበት ቦታ ነበር። «ሰፈር» የሚለው ቃልም «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው።

አሰፋፈሩ ሥርዓት ነበረው። የንጉሡ ድንኳን መሃል ላይ ይተከላል፤ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝአዝማቹ በቀኝ፣ ግራአዝማቹ በግራ ይሰፍራሉ። ከወታደሩ ጋር ሚስቶችና ልጆች፣ እህል ፈጪ ሴቶች፣ ቀጥቃጮች፣ ቀሳውስትና ነጋዴዎች አብረው ስለሚጓዙ፣ ቆይታው ሲረዝም ድንኳኑ በጎጆ ይተካል፤ ገበያም ይቆማል። ብዙውን ጊዜ ግን ማገዶ ሲያልቅ ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር።

ደሴ ሳይነቀሉ ከቀሩት አንዷ ናት። በ1875 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ ቦታውንም «ደስታዬ» ለማለት ደሴ አሉት ይባላል። ኋላ የወሎ ገዥ ራስ ሚካኤል መቀመጫቸው አደረጓትና አይጠየፍ የተባለውን የግብር አዳራሽ አሠሩባት። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ማንም ሳይናቅ የሚበላበት ቤት ማለት ነው። ራስ ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆኑ።

በዚያው በወሎ ወረኢሉም እንዲሁ የምኒልክ ጦር ሰፈር ነበረች። የደሴን ጎረቤት ኮምቦልቻን ይበልጥ ያሳደጋት ግን መንገድ ነው፦ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚሄደውና በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው እዚያ ይገናኛሉ።