ዝቅተኛ የኮሌጅ ማርክና በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ያለው የዳኛ የሕግ ረዳትነት

በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች «ሎው ክለርክ» የሚባል ሠራተኛ አለ። ስሙ መዝገብ የሚያመላልስ ጸሐፊ ቢያስመስለውም ሥራው ሌላ ነው። የተከራካሪዎችን ጽሑፍ አንብቦ ለዳኛው ማስታወሻ ያዘጋጃል፤ የተጠቀሱት ሕጎችና ቀደምት ፍርዶች በእርግጥ የተባለውን የሚሉ መሆናቸውን ይመረምራል፤ ብዙ ጊዜም የፍርዱን ሐተታ ያረቅቃል። ዳኛው ሆራስ ግሬይ በ1882 እ.ኤ.አ. ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲገቡ ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት በራሳቸው ገንዘብ ቀጠሩ፤ ኮንግረስ ለእያንዳንዱ የዚያ ፍርድ ቤት ዳኛ አንድ ጸሐፊ በመንግሥት ደመወዝ የፈቀደው ግን በ1886 እ.ኤ.አ. ነው።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት አይበልጥም፤ ሆኖም ከዚያ የወጣ ሰው በጥብቅናም በማስተማርም ተፈላጊ ስለሚሆን ሽሚያው ብርቱ ነው። ስለዚህ በኮሌጅ ዝቅተኛ ማርክ ያገኘ ተማሪ ሳያመለክት ተስፋ ይቆርጣል። ማርክ በማስታወቂያ ሰሌዳ ሲለጠፍ ከሩቅ የምንሸሽ ጥቂት አይደለንምና ስሜቱ ይገባናል፤ ነገር ግን ግማሹ ስሕተት ነው እንላለን።

በአገራችን ሕግ የሚጠናው በመጀመሪያ ዲግሪ ስለ ሆነ ሁለቱን ውጤት አንድ አድርገን እናያለን። በአሜሪካ ግን የሕግ ትምህርት የሚጀመረው ከኮሌጅ በኋላ ሲሆን ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ዳኛውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የዚህኑ የሕግ ትምህርት ውጤት ነው። የኮሌጁ ማርክ ጉዳት የሚያደርሰው ቀደም ብሎ፣ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ሲጠየቅ ነው። ከገቡ በኋላ የመጀመሪያው ዓመት እጅግ ይከብዳል፤ ሁሉም ተማሪ ያንኑ ትምህርት ስለሚማር ለማወዳደር ይመቻልና።

ይሁን እንጂ የኮሌጁን ማርክ ጭምር የሚጠይቁ ዳኞች አሉ። መደበቅ አይገባም። በሕመም ወይም በሌሊት ሥራ ምክንያት የተበላሸ እንደ ሆነ፣ ይህን የሚያውቅ መምህር በድጋፍ ደብዳቤው በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያነሣው አመልካቹ ራሱ አንድ ገጽ ሙሉ ከሚያማርር ይሻላል። ደብዳቤውም ከስመ ጥሩ ፕሮፌሰር ይልቅ የተማሪውን ጽሑፍ አንብቦ ካረመው ሰው ቢመጣ ይመረጣል።

ከማርኩ ቀጥሎ የሚመዘነው ከማመልከቻው ጋር የሚላከው የጽሑፍ ናሙና ነው። ዳኛው የሚፈልገው በቢሮው በየቀኑ የሚጽፍለትን ሰው ነውና፣ በዚህ በኩል ዝቅተኛ ማርክ ያለው ከባለ ከፍተኛው ጋር እኩል ሊቀርብ ይችላል። አንድ ጥቅስ በስሕተት ከተጻፈ ግን ማመልከቻው በዚያው ሊቀር ይችላል፤ ጥቅስ መመርመር ራሱ የረዳቱ ሥራ ነውና።

የት ይመልከት? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች ሲኖሩት እያንዳንዳቸው በተለምዶ አራት ረዳት ይቀጥራሉ፤ አብዛኞቹም አስቀድመው በይግባኝ ፍርድ ቤት የሠሩ ናቸው። ስለዚህኛው ማጽናናት አንወድም። ነገር ግን 94 የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤቶችና 13 የይግባኝ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ 50ዎቹ ክፍላተ ሀገርም ለየራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው። ከትልልቅ ከተሞች ርቆ የተቀመጠ ዳኛ የሚደርሰው ማመልከቻ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ወይም ሊኖርበት የሚያስብ አመልካችም ይህንኑ በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ቢጽፍ ይጠቅመዋል።