የካፋ ጫካ በጫማ ካርቶን

ልጆችን «እስቲ የአውሬ መኖሪያ እንሥራ» ብትሏቸው አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከአንበሳ ነው። ቦንጋ ያሉት የእህቴ ልጆችም እንደዚያው ናቸው። ስልክ ላይ በካርቱን ያዩትን አንበሳ ቢጫ ሣር ላይ አቆሙት። ካፋ ውስጥ አንበሳ አለ፤ የካፋ አንበሳ ግን የጫካ አንበሳ ነው። ስለዚህ እንስሳውን ትተን ከቤቱ ጀመርን።

እንዲህ ያለው ሥራ ዳዮራማ ይባላል፤ እንስሳን ከነመኖሪያው ማሳየት ማለት ነው። ኒውዮርክ ባለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1936 የተከፈተው የአፍሪካ እንስሳት አዳራሽ 28 ትልልቅ ዳዮራማዎች አሉት። ለእኛ የጫማ ካርቶን፣ መቀስ፣ ሙጫና ጭቃ ይበቃናል። ሕጉ አንድ ነው፦ መሬት የወደቀውን መልቀም እንጂ ከዛፍ መቅጠፍ ክልክል!

ካርቶኑን አቁሙት፤ የካፋ ጫካ ፎቅ ነውና። ላይኛው ፎቅ የትልልቆቹ ዛፎች ነው። ጭራሮ ግንድ ይሆናል፣ ደረቅ ቅጠል ደግሞ ጣሪያ። እዚያ ጉሬዛን ስቀሉት። ጥቁርና ነጭ ወረቀት ካለ ጉሬዛ አለ! ቅጠል በሊታ ነው፣ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል እንጂ መሬት ብዙም አይወርድም። ከእሱ በታች ቡና አለ፤ እዚህ አገር ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና። ከታች ደግሞ የረገፈ ቅጠል፣ ከርከሮና ማታ ማታ የምትወጣው ጥርኝ። ጥርኝ የበሰለ የቡና ፍሬ በልታ ዘሩን ከኩሷ ጋር ሌላ ቦታ እንደምትጥል ስነግራቸው ሳቁ ቤቱን ሞላው። ዘሩ እንዴት እንደሚጓዝ ግን ከዚያ ወዲያ አልረሱትም።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። የካርቶኑን አናት በሰፊው ቅደዱና የስልኩን መብራት ከላይ አብሩበት። ብርሃኑ በቅጠሉ መሃል እየተንጠባጠበ ቡናው ላይ ይደርሳል። ቀጥሎ አንዱን ትልቅ ዛፍ ንቀሉ። ጉሬዛው መቀመጫ አጣ፣ ቡናው ላይ መብራቱ እንዳለ ወረደበት። ስለ ደን ጭፍጨፋ አንድ ሰዓት ከማውራት ይህቺ አንድ ደቂቃ ትበልጣለች።

ሁሉም አለቀ ስንል የአሥር ዓመቷ ልጅ «አጎቴ፣ አባባ ቀፎ የሚሰቅልበት ዛፍስ የታለ?» አለች። እውነቷን ነው! የካፋ ንብ አርቢ ቀፎውን ትልቅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው የሚሰቅለው። ዛፉ ከተቆረጠ ቀፎም የለም፣ ማርም የለም። ስለዚህ የተጠቀለለ ወረቀት ቀፎ ሆነ፤ ከሥሩ ገመድ የያዙ አባባ ቆሙ፣ ከጎናቸው ቡና የምትለቅም ሴት።

ብዙ የእንስሳት ዳዮራማ ሰው የለበትም። ቦንጋ ላይ ሰውን ማስቀረት ግን ግማሹን ታሪክ መቁረጥ ነው። ዩኔስኮ የካፋን ደን ከያዩ ጋር በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ሰውን አላስወጣም። እንዲህ ያለ ስፍራ ሦስት ቀጠና አለው፦ የማይነካ እምብርት፣ በዙሪያው በቁጥብነት የሚጠቀሙበት፣ ከዚያ ውጭ የሚኖሩበትና የሚያርሱበት። ደኑ እንዲቆይ ከደኑ የሚበላ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ነዋ «ይህን ዛፍ አትንኩብኝ» የሚለው።

እናንተም ጅማ ሁኑ አዲስ አበባ፣ ታናናሾቻችሁን ሰብስባችሁ ሞክሩት። ፎቶ አንስታችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ግን ቪዲዮ ክፈቱና ልጁን ጠይቁት፦ «ይህን ዛፍ ብነቅለው ማን ማን ይቸገራል?» ጉሬዛውን ብቻ ከጠራ፣ ካርቶኑ ውስጥ ገና የሚጨመር ሰው አለ።