«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በጉልምስና ማንበብ

ሰሞኑን ኮልፌ ቀራንዮ ከሚገኘው ቤቴ ሳልወጣ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደገና አነበብኩ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን ልብ ወለድ በተማሪነቴ ያነበብኩት ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ፍቅር ብዬ ነበር። የሴት ልጅ አባት ከሆንኩ በኋላ ግን እንቅልፍ የነሱኝ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው።

በአውሮፓ «ጎቲክ» የሚባል አስፈሪ የልብ ወለድ ዘርፍ አለ። ፈር ቀዳጁ በ1764 እ.ኤ.አ. የወጣው የሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ግንብ» ነው። በዚያ ግንብ መናፍስት ቢታዩም፣ ልጅቷን የሚገድላት ግን ለሥልጣኑ የሚንሰፈሰፍ የገዛ አባቷ ነው።

የሐዲስ መጽሐፍ ጎቲክ አይባልም፤ ለማስፈራትም መንፈስ አላስፈለገውም። ፊታውራሪ የሚመጣውን አማች ሁሉ በዘር አይመጥነንም እያሉ ሲመልሱ የሰብለ ዕድሜ ይነጉዳል። በዛብህን ደግሞ ወላጆቹ የተሳሉት ስለት ጠፍሮ ይይዘዋል። ይህን ሥርዓት የሚነቅፈው ካሳም «ጉዱ» ተብሎ እንደ እብድ ይቆጠራል።

ዛሬም ሽማግሌ ሲላክ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ እሰማለሁ። ልጆች ያሏችሁ አንባቢያን መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዱና፣ በዚህኛው ዙር ፊታውራሪን ልብ ብላችሁ አንብቡ።