ወደ ገርባ ጉራቻ፦ የሩቅ ደጋ ሐይቅ ጉብኝት ዕቅድ እንደ ምርምር ዘዴ

መግቢያ

ገርባ ጉራቻ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ትንሽ ሐይቅ ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ነው። ርዝመቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 300 ሜትር፣ ጥልቀቱም 6 ሜትር ያህል ነው። በካርታ ላይ ሲታይ ከጎባ ከተማ እምብዛም የማይርቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ወደዚህ ሐይቅ የሚነሣ ተመራማሪ የሚያስፈልገውን ጊዜ በኪሎ ሜትር ካሰላ ስሌቱ ይዛባል። ጉዞውን የሚወስኑት ከርቀቱ ይልቅ ከፍታው፣ ብርዱና ጭነቱ ናቸው።

በብዙ የመስክ ጥናቶች የጉዞ ዕቅድ ለገንዘብ ክፍል የሚቀርብ ቅጽ ሆኖ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ገርባ ጉራቻን በምሳሌነት ወስዶ የሩቅ ደጋ ሐይቅ ጉብኝት እንዴት እንደሚታቀድ ያብራራል። በጉዞ ጊዜ የሚደረጉ ውሳኔዎች የጥናቱን ውጤትና የተጓዦቹን ጤና በቀጥታ ስለሚነኩ፣ ዕቅዱ ራሱ የምርምር ዘዴው አካል መሆኑንም ያሳያል።

ሐይቁ ለምን ይጠናል?

ገርባ ጉራቻ የተኛው ጥንታዊ የበረዶ ግግር ዐለቱን ቦርቡሮ ባበጀው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ነው። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ስፍራው ውሃ ቋጠረ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮም ደለል በላዩ ላይ ሳይቋረጥ ሲከማች ኖሯል። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ደለል 16 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ወደ 16,000 ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ይዟል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በደለሉ ውስጥ የተጠበቀውን የአበባ ብናኝ ተንትነው፣ ደረቅ የአየር ጠባይን የሚያመለክቱ ዕፅዋት ከ11,200 ዓመት በፊት ገደማ በአስታ ደን መስፋፋት እንደተተኩ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የጀርመንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችን ያካተተ ቡድን አዲስ ናሙና አውጥቷል።

ከላይ የሚፈስስበት የተፋሰስ ስፍራ እጅግ ጠባብ በመሆኑ ሐይቁ የአካባቢውን ለውጥ በጥራት መዝግቧል። ይኸው ጠባብነት ግን ለጉዳት ያጋልጠዋል። በዳርቻው የሚተከል ድንኳን፣ የሚነድ እሳትና የሚጣል ቆሻሻ ወደ ውሃው ለመድረስ ረጅም መንገድ አያስፈልገውም።

ከፍታው የሚያወጣው የጊዜ ሰሌዳ

በ3,950 ሜትር ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 62 በመቶ ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ይኸው መጠን ወደ 76 በመቶ ይጠጋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከፊል መለማመድ ቢኖረውም ከከፍታ ሕመም ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ከድሬዳዋ ወይም ከሰመራ የሚመጣ የቡድን አባል ደግሞ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳው መውጣት ያለበት ከሁሉ ዝቅ ባለ ስፍራ ለሚኖረው አባል እንጂ ለአስተባባሪው አይደለም።

በተራራ ሕክምና የታወቀው መመሪያ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ያዛል። ይህ መመሪያ ወደ ገርባ ጉራቻ ሲተረጎም የሚከተለውን መልክ ይይዛል። በመጀመሪያው ቀን የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወደሚገኝባት ዲንሾ በመኪና ይደረሳል፤ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሁለት ሌሊት ይታደርባታል። ከቆላ የመጡ አባላት አስቀድመው በዶዶላ ወይም በአዳባ ቢያድሩ ይመረጣል። በሦስተኛው ቀን የእግር ጉዞው ተጀምሮ ከ3,500 ሜትር ባልበለጠ ቦታ ይታደራል፤ በአራተኛው ቀን ወደ ሐይቁ ይደረሳል። ሁለት የሥራ ቀናት፣ አንድ የመጠባበቂያ ቀን፣ ሁለት የእግር መመለሻ ቀናትና አንድ የመኪና ቀን ሲጨመሩ ጠቅላላው አሥር ቀን ይሆናል። ለሁለት ቀን ሥራ አሥር ቀን መጠየቅ ለበጀት ገምጋሚ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ስለሆነም ምክንያቱ በጥናት ንድፉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ከዚህ ሰሌዳ የሚያጥር አማራጭ አለ። ከጎባ ወደ ዴሎ መና የሚወስደው መንገድ የሰነቴን አምባ ስለሚያቋርጥ፣ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ መንገደኛውን ከ4,000 ሜትር በላይ ያደርሰዋል። አደጋውም ከዚሁ ፍጥነት ይመነጫል፤ ሰውነት ለመለማመድ ጊዜ አያገኝም። በተጨማሪም ሐይቁ ከአምባው ጠርዝ በታች ስለሚገኝ፣ ከሰነቴ የሚመጣ ሰው ሲሄድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲመለስ ግን ደክሞ ዳገት ይወጣል። ለከባድ የከፍታ ሕመም ዋናው ፈውስ ሳይዘገዩ መውረድ ነው። በዚህ አቅጣጫ የገባ ቡድን ግን ታማሚውን ለማውረድ አስቀድሞ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ወደ ዝቅተኛው ስፍራ የሚወስደው መውረጃ የትኛው እንደሆነ፣ ታማሚ የሚጭን ፈረስም ማን እንደሚያቀርብ ከመነሣት በፊት ከአካባቢው መሪዎች ጋር መወሰን አለበት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው፤ እነዚህ የታዩበት ሰው ወደ ላይ መቀጠል የለበትም። መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም በዕረፍት ላይ ሳለ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ጨለማ ነው፣ ሥራው አላለቀም ሳይባል መውረድ ያስፈልጋል።

ወቅትና ሰዓት

ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ለመንገደኛ ይመቻሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱም የጠነከረ ነው። በአንጻሩ የሌሊቱ ቁር ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ይወርዳል። በዝናቡ ወራት ሌሊቱ ይለዝባል፤ ጭጋግ፣ በረዶና ጭቃ ግን መንገዱን ያከብዳሉ። አብዛኛው ተመራማሪ ለምቾቱ ሲል በበጋ ስለሚሄድ፣ ስለ ሐይቁ የሚሰበሰበው መረጃም ወደ በጋው ያጋድላል። ሐይቁ ሞልቶ የሚፈስሰው በዝናብ ወራት በመሆኑ፣ በጥር የተለካ የውሃ ኬሚስትሪ ዓመቱን ሁሉ ይወክላል ብሎ መደምደም አይቻልም። ሁለት ጊዜ የመሄድ አቅም የሌለው ጥናት ጥያቄውን ከወቅቱ ጋር ማጣጣም ይኖርበታል። ለምሳሌ በጥልቁ ደለል ላይ የሚያተኩር ጥናት በበጋ ቢካሄድ ብዙ አይጎዳም፤ የውሃ ፍሰትን የሚመለከት ግን ይጎዳል።

የቀኑ ሰዓትም ልዩነት ያመጣል። በደጋ ተራሮች ማለዳው ብዙ ጊዜ የተረጋጋ ሲሆን ከቀትር በኋላ ነፋስና ደመና ይበረታሉ። ስለዚህ የጀልባ ሥራ ከማለዳው መጠናቀቅ አለበት። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ የሌሊቱ ቅዝቃዜ የላይኛውን ውሃ ከታችኛው ጋር ስለሚያማስለው፣ የውሃ ሙቀት ንጋት ላይና ከቀትር በኋላ ቢለካ የተሟላ ሥዕል ይገኛል።

መሣሪያና ጭነት

ከፍታው መሣሪያንም ይፈትናል። በውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅንን በመቶኛ የሚያሳይ መለኪያ በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ተስተካክሎ ገርባ ጉራቻ ላይ እንዳለ ቢነበብ፣ ኦክስጅን የሞላው ውሃ አንድ አምስተኛ ገደማ የጎደለው መስሎ ይታያል። መለኪያው በሐይቁ ዳር እንደገና ካልተስተካከለ፣ ጤናማው ሐይቅ በጽሑፍ ላይ የታመመ ይሆናል። ባትሪ በብርድ አቅሙ ስለሚቀንስ ሌሊቱን ከተኚው ጋር በመኝታ ከረጢት ውስጥ ያድራል። የውሃ ናሙና ጠርሙስ እስከ አፉ ከተሞላ በውርጭ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ትንታኔው እስከፈቀደ ድረስ ክፍት ቦታ ይተውለታል።

የመመለሻው ጭነት ከመሄጃው እንደሚለይም ማሰብ ይገባል። ስንቁ ይቀላል፤ እርጥብ ደለልና ውሃ ግን ይጨመራል። ከሁሉ በላይ ያለው ደለል ውሃማ በመሆኑ በፈረስ ጀርባ ሲናወጥ ይደበላለቃል፤ በዚህም የቅርብ ዘመኑ ታሪክ ይጠፋል። ስለዚህ የላይኛው ክፍል እዚያው በሐይቁ ዳር በየሴንቲ ሜትሩ ተቆርጦ፣ ተጽፎበትና ታሽጎ መጫን አለበት።

በዚህ ከፍታ ውሃ በ87 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ለመብሰል ረጅም ጊዜና ብዙ ማገዶ ይፈልጋል። በሶና ቆሎ እሳት ስለማይሹ የተመረጡ ስንቆች ናቸው። ለሌላው ምግብ ጋዝ ወይም ላምባ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ መቁረጡም በፓርኩ የተከለከለ ነው። በተጨማሪ በደለሉ ውስጥ የሚገኝ የከሰል ብናኝ የጥንት ቃጠሎ ማስረጃ ሆኖ ስለሚቆጠር፣ በሐይቁ ዳር እሳት የሚያነድ ተመራማሪ ሊያነበው በመጣው መዝገብ ላይ የራሱን ፊደል ይጽፋል።

ፈቃድና የአካባቢው ማኅበረሰብ

ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን የምርምር ፈቃድ ማግኘት የዕቅዱ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። የሕያዋን ናሙና የሚሰበስብ ጥናት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተላልፎ ደጋግሞ ስለፈጃቸው፣ ከቡድኑ ጋር ውሻ እንዳይከተል መጠንቀቅ ግዴታ ነው።

ተራራው የእረኞችም ስፍራ ነው። ከብትን በየወቅቱ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ግጦሽ የማዘዋወሩ ሥርዓት ጎዳንቱ ይባላል። ባለ ፈረሶቹና እረኞቹ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ቁልቁለት በዝናብ እንደሚናድ ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት ከጉዞው በፊት መጠየቅ፣ ክፍያውን አስቀድሞ መስማማት፣ የፈረስ መሪው ብርድ ልብስና መጠለያ መያዙን ማረጋገጥም የአስተባባሪው ኃላፊነት ነው። ተማሪው በሙቅ መኝታ ከረጢት ሲተኛ መሪው በስስ ጋቢ በውርጭ የሚያድርበት ዕቅድ የሥነ ምግባር ጉድለት አለበት።

ማጠቃለያ

የሩቅ ደጋ ሐይቅ ጉብኝት ከሐይቁ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይታቀዳል። አስቀድሞ በሐይቁ ዳር ምን እንደሚለካ ይወሰናል፤ ከዚያ ወቅቱና ሰዓቱ፣ ቀጥሎ የሌሊቶቹ ቁጥር፣ በመጨረሻም ጭነቱና ገንዘቡ ይሰላሉ። ከገንዘቡ ተነሥቶ ቀናቱን የሚያሳጥር ዕቅድ በአንድ በኩል ሰውን፣ በሌላ በኩል መረጃውን ለጉዳት ይዳርጋል። የመመረቂያ ጽሑፎች የዘዴ ምዕራፍ ናሙናው በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓትና ከስንት ቀን መለማመድ በኋላ እንደተወሰደ፣ እንዴትስ እንደተጓጓዘ ቢመዘግብ፣ ቀጥሎ የሚሄደው ተመራማሪ ውጤቱን ለመመዘንና ጉዞውን በደኅና ለመድገም ይችላል።