በአሜሪካ ብሔራዊ ደኖች የጎብኚ ክፍያና የፓስ አመራረጥ

በዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ ደን የሚባለው መሬት የመላው ሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ በአደራ የሚያስተዳድረውም እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመውና በግብርና ሚኒስቴር ሥር የሚገኘው የፌዴራሉ የደን አገልግሎት ነው። መሥሪያ ቤቱ 154 ብሔራዊ ደኖችንና 20 ብሔራዊ የሣር ምድሮችን፣ በድምሩ 78 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት ይጠብቃል። ብሔራዊ ደን ከብሔራዊ ፓርክ ጋር በስም ቢቀራረብም በአሠራር ይለያል፤ ፓርኮቹ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ሆነው በዋናነት ለጥበቃና ለጉብኝት የተከለሉ ሲሆኑ፣ በደኖቹ ግን ጣውላ ይመረታል፣ ከብት ይሰማራል፣ የከተሞች የመጠጥ ውኃ ይመነጫል፣ ከዚሁ ጎን ለጎንም ሕዝቡ ይዝናናል።

ይህ ልዩነት በክፍያው ላይም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሙከራ የተጀመረውን አሠራር ተክቶ በ2004 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ በበር ላይ የሚከፈል የመግቢያ ዋጋ የፈቀደው ለብሔራዊ ፓርኮችና ለዱር እንስሳት መጠለያዎች እንጂ ለደኖች አይደለም። በደን ውስጥ በእግር ለሚያልፍ፣ መኪናውን በመንገድ ዳር አቁሞ ለሚመለከት ወይም ምንም ግንባታ በሌለበት ሥፍራ ለሚያርፍ ሰው ዋጋ መጠየቅ በሕጉ የተከለከለ ነው። መደበኛ የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ሊጠየቅ የሚችለው ስድስት ነገሮች በአንድነት በተሟሉበት ሥፍራ ሲሆን፣ እነርሱም የተዘጋጀ የመኪና ማቆሚያ፣ ቋሚ መጸዳጃ ቤት፣ ቋሚ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፣ ስለ ሥፍራው የሚያስረዳ ሰሌዳ፣ የመመገቢያ ጠረጴዛና የጸጥታ ጥበቃ ናቸው። በአሪዞና ግዛት በሚገኘው በማውንት ሌመን ተራራ የተነሳው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2012 ለይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜም፣ አገልግሎቶቹን ሳይጠቀም መኪናውን አቁሞ በእግር የሚጓዝ ሰው ክፍያ ሊጠየቅ እንደማይገባ ተወስኗል። እንግዲህ ጎብኚው የሚከፍለው ለደኑ ሳይሆን በደኑ ውስጥ ለተዘጋጀለት አገልግሎት ነው ማለት ነው።

ከመደበኛው በላይ የሆነው ሁለተኛው የክፍያ ዓይነት ለድንኳን ማደሪያ፣ ለጀልባ ማውረጃና ለኪራይ ጎጆ የሚከፈል ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ውድድርና ትልቅ ስብስብ ላሉ ልዩ ጉዳዮች የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ከተሰበሰበው ገንዘብ በመደበኛው አሠራር ቢያንስ 80 በመቶው እዚያው በተሰበሰበበት ሥፍራ እንዲውል ሕጉ ስለሚያዝ፣ ጎብኚው የሰጠው ገንዘብ መጸዳጃ ቤቱን ለማጽዳት፣ በጎርፍ የተቦረቦረውን የእግር መንገድ ለመጠገንና ሰሌዳውን ለማደስ ይውላል።

ደጋግሞ ለሚጎበኝ ሰው በየጊዜው ከመክፈል ይልቅ ፓስ፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ የሚያገለግል የክፍያ ማረጋገጫ ካርድ መግዛት ይሻላል። ከሁሉም ሰፊው አሜሪካ ዘ ቢውቲፉል የሚባለው ፓስ ሲሆን፣ በደኖች፣ በብሔራዊ ፓርኮችና በሌሎች የፌዴራል መሬቶች ያገለግላል፤ ዋጋውም እ.ኤ.አ. ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ለአገሪቱ ነዋሪዎች በዓመት 80 ዶላር፣ ከውጭ አገር ለሚመጡ ጎብኚዎች ደግሞ 250 ዶላር ሆኗል። ዕድሜያቸው 62 የሞላ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ቋሚ ነዋሪዎች በዓመት 20፣ ለዕድሜ ልክ 80 ዶላር ይከፍላሉ፤ ዘላቂ የአካል ጉዳት ላለባቸው ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች፣ ለወታደሮችና በጦር ኃይሉ ላገለገሉ ሰዎች በነፃ ይሰጣል። የአራተኛ ክፍል ተማሪም ለአንድ ዓመት ቤተሰቡን ይዞ የሚገባበት ነፃ ፓስ ያገኛል። ሆኖም ተራው ዓመታዊ ፓስ የድንኳን ማደሪያን ዋጋ የማይሸፍን ሲሆን፣ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ፓስ ግን በአብዛኛው የማደሪያውን ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል።

ከዚህ ጠበብ ያሉ የአካባቢ ፓሶችም አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል አቅራቢያ ያሉት ሁለት የታወቁ መዳረሻዎች ነገሩን በግልጽ ያሳያሉ። የፍራንክሊን ፏፏቴ በፌዴራሉ ደን ውስጥ ስለሆነ በዋሽንግተንና በኦሬገን ብሔራዊ ደኖች የሚያገለግለውን ኖርዝዌስት ፎረስት ፓስ ወይም ሰፊውን የፌዴራል ፓስ ይጠይቃል፤ በዚያው አካባቢ የሚገኘው ማውንት ሳይ ግን የዋሽንግተን ግዛት መሬት ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በ30 ዶላር ተጀምሮ በ2025 ወደ 45 ዶላር ያደገውን ዲስከቨር ፓስ ይጠይቃል። የአንዱ ፓስ ለሌላው አያገለግልም። ኖርዝዌስት ፎረስት ፓስ ለረጅም ዓመታት በቀን 5፣ በዓመት 30 ዶላር ሲሸጥ ስለኖረ፣ በዓመት ከስድስት ቀን በላይ ለሚወጣ ቤተሰብ ዓመታዊው ያዋጣል፤ ብሔራዊ ፓርኮችንም ለሚጎበኝ ግን የፌዴራሉ ይመረጣል።

አከፋፈሉ በብዙ ሥፍራ በመተማመን ላይ የተመሠረተ ነው። ገንዘብ ተቀባይ በሌለበት፣ ጎብኚው ከሰሌዳው አጠገብ ከሚገኘው ፖስታ አንዱን ወስዶ ገንዘቡን ከጨመረ በኋላ በብረት ሣጥኑ ውስጥ ይከትተዋል፤ ቀድዶ ያስቀረውን ጉራጅ ወረቀት ደግሞ በመኪናው ክሩስኮት ላይ ያኖረዋል። በስልክ የሚከፈልባቸው ሥፍራዎችም አሉ። ሳይከፍል የተገኘ ሰው ቅጣት የሚጠብቀው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጥፋት ቅጣት ግን ከ100 ዶላር እንዳይበልጥ በሕጉ ተወስኗል።

ስለዚህ ማንኛውም ቤተሰብ ከቤት ከመውጣቱ በፊት መሬቱ የማን እንደሆነ፣ በሥፍራው ምን አገልግሎት እንዳለና በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመለስበት ሊያጣራ ይገባል። በተለይም በዕድሜ የገፉ ወላጆች፣ አካል ጉዳተኞችና የአራተኛ ክፍል ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች፣ ሕጉ የሰጣቸውን መብት ባለማወቅ ሙሉ ዋጋ እንዳይከፍሉ ወይም ጨርሶ ከደኑ እንዳይቀሩ፣ ፓሱን አስቀድመው ያውጡ።